ጠይም ፊት በ16 ቀለም፦ ፎቶን ለኮሞዶር 64 የማዘጋጀት አሠራር

ፍራንክፈርት ከማይን ወንዝ ዳር ቅዳሜ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የ1980ዎቹን የቤት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮሞዶር 64 ከነዲስክ ማንበቢያው ገዛሁ። ቤት ገብቼ መሥራቱን ካረጋገጥኩ በኋላ ያማረኝ ጨዋታ አልነበረም። የእናቴን ፎቶ በዚያ ስክሪን ላይ ማየት ፈለግኩ። እኅቴ በስልኳ ያነሳቻት ነው፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ቡና ስትቀዳ። ፎቶውን በአንድ መቀየሪያ፣ ማለትም ፎቶን በራሱ ወደ ኮሞዶር ሥዕል በሚለውጥ ፕሮግራም አሳልፌ ስጭነው ጀበናው ጀበና ነው፣ ነጠላውም ነጠላ ነው፤ እናቴ ግን አመድ መስላለች። ጠይም ሴት ናት። ግንባሯ ፈዛዛ ግራጫ፣ የጉንጯ ጥላ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ነበር የወጣው።

ጥፋቱ የማሽኑ እንዳይመስላችሁ። ኮሞዶር 64 ቡናማም፣ ብርቱካናማም፣ ፈዛዛ ቀይም አለው፤ ለእኛ መልክ ከዘመዶቹ ሁሉ የሚሻል ነው ብዬ እከራከራለሁ። ጥፋቱ መቀየሪያው ቀለም የሚመርጥበት መንገድ ነው። ስለዚህ ከታች የምታዩት አሠራር አብዛኛው ድካሙ ቀለም መምረጥ ላይ ነው፤ ሌላው ቶሎ ያልቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ፎቶ ማስተካከያው ጊምፕ ይበቃል፤ ነጻ ነው። ሁለተኛ፣ ኮዋላ በሚባለው የኮሞዶር ሥዕል ፋይል ዓይነት የሚያስቀምጥ የሥዕል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ነጻ የሆኑ ብዙ አሉ፤ የለመዳችሁት ካለ እሱን ያዙ። ሦስተኛ፣ ማሽኑ ራሱ ወይም ቫይስ የሚባለው ኢሙሌተር፤ ኮሞዶሩን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ማሽኑ የሌላችሁ በቫይስ ብቻ ሙሉውን መሥራት ትችላላችሁ። ማሽኑ ያላችሁም ብትሆኑ መጀመሪያ በቫይስ ሞክሩ፤ የ40 ዓመት ዲስክ ማንበቢያን ለእያንዳንዷ ስሕተት ማስጮህ ግፍ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን ማወቅ

ኮሞዶር 64 በ1982 ነው ለገበያ የወጣው። ስሙ ላይ ያለው 64 የማስታወሻው መጠን ነው፤ 64 ኪሎባይት። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ብቻውን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለፎቶ የሚስማማው የስክሪን ዓይነት መልቲከለር የሚባለው ነው፤ ወደ ጎን 160፣ ወደ ታች 200 ነጥብ። እያንዳንዱ ነጥብ ከቁመቱ ወርዱ የሚሰፋ ነው፤ ጡብ አስቡ።

ቀለሙ በጠቅላላ 16 ነው። ግን 16ቱን እንዳሻችሁ የትም መርጨት አይቻልም። ስክሪኑ በ1,000 ትንንሽ ሳጥኖች ይከፈላል፤ ወደ ጎን 40፣ ወደ ታች 25። እያንዳንዱ ሳጥን 4 ነጥብ ወርድና 8 ነጥብ ቁመት አለው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ከ4 በላይ ቀለም አይገባም፤ ከአራቱም አንዱ ለመላው ስክሪን የጋራ የሆነ የመደብ ቀለም ነው። ማለትም ለሳጥኑ በግሉ የሚተርፉለት 3 ቀለሞች ናቸው። ይህችን ሕግ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ያዟት፤ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከእሷ ነው።

1. ፎቶ ምረጡ፣ ቁረጡ

ብርሃኑ ከአንድ ጎን የመጣ፣ ፊት ቢያንስ የስክሪኑን ግማሽ ቁመት የሚይዝበት ፎቶ ይሁን። የሠርግ የጋራ ፎቶ ይዛችሁ አትምጡ። 40 ሰው በ160 ነጥብ ሲካፈል ለአንድ ሰው 4 ነጥብ ነው የሚደርሰው።

የምትቆርጡበት ቅርጽ ማሽኑ በተሠራለት አገር ይለያያል። የአውሮፓው ማሽን ሥዕሉን በቴሌቪዥን ላይ ሲያሳይ ወርዱ ከቁመቱ ጋር 3 ለ 2 ገደማ ነው። የአሜሪካው ግን ወደ ጎን ጠበብ ያደርገዋል፤ እዚያ 6 ለ 5 ብላችሁ ቁረጡ። ይህን ያላወቀ ሰው ፊቱን አቅጥኖ ወይም አሳብጦ ያወጣና ምን እንደጎደለ ሳይገባው ይቀራል። የስልክ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ 3 ስለሆነ ለሁለቱም መቁረጥ አይቀርም።

2. ብርሃኑን አስተካክሉ፣ አሳንሱ

ከማሳነሳችሁ በፊት በጊምፕ ከርቭስ የሚለውን ከፍታችሁ ፊቱን ገለጥ አድርጉት። ጠይምና ጥቁር መልክ በቤት ውስጥ ብርሃን ሲነሳ ጥላው ሁሉ ታች ይከማቻል፤ ማሽኑ ደግሞ ታች ብዙ ደረጃ የለውም። መስመሩን ከመካከሉ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ጥቁሩ ግን ጥቁር ሆኖ ይቅር፤ ፀጉርና የዓይን ብሌን ያለ እሱ አይቆሙም።

ከዚያ ስኬል ኢሜጅ ውስጥ ገብታችሁ በወርድና በቁመት መካከል ያለችውን የሰንሰለት ምልክት አላቁና 160 በ200 ጻፉ። ሥዕሉ የተጨመቀ ይመስላል። ጡቦቹ ሲሰፉ ይመለሳል፤ አትደንግጡ። በመጨረሻ ሻርፕን በጥቂቱ ጨምሩ። ብዙ ከጨመራችሁ በፊቱ ዙሪያ ነጭ ክር ይወጣል።

3. ቀለሙን ራሳችሁ ምረጡ

መቀየሪያ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የእያንዳንዱን ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ያያሉ፤ ከዚያ ከ16ቱ ውስጥ በቁጥር የሚቀርበውን ያነሳሉ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ውጤቱ ግን አመድ ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ ነጥብ ላሳያችሁ።

ከእናቴ ጉንጭ ጥላ ላይ አንድ ነጥብ ወሰድኩ፤ ቀይ 80፣ አረንጓዴ 60፣ ሰማያዊ 52። በፎቶው ላይ ጥርት ያለ ቡናማ ነው። ፔፕቶ በሚል ስም በሚታወቀው የኮሞዶር የቀለም ሰሌዳ ጥቁር ግራጫ 68፣ 68፣ 68 ነው። ቡናማው ደግሞ 67፣ 57፣ 0። ልዩነታቸውን አስሉት፤ ከግራጫው ያለው ርቀት 22 ገደማ፣ ከቡናማው ያለው 54 ገደማ ይመጣል። የኮሞዶር ቡናማ ሰማያዊ የሚባል ነገር ስለሌለው በቁጥር ሲለካ ይርቃል፤ ለዓይን ግን የሚቀርበው እሱ ነው። ቀዩም 26 ብቻ ርቆ ነበር፤ በጥቂት ነጥብ ተሸነፈ። ግንባሯ ላይ ያለው ብርሃንም እንዲሁ ነው፦ 175፣ 145፣ 130 ሲለካ ፈዛዛ ግራጫው ፈዛዛ ቀዩን በሰፊው ይበልጠዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግራጫውን ከፊቱ ሰሌዳ ላይ ማውጣት። ያልቀረበለትን ቀለም ፕሮግራሙ ሊመርጥ አይችልም።

በጊምፕ አዲስ ፓሌት ክፈቱና እነዚህን ብቻ አስገቡ፤ ቅደም ተከተላቸው ከጨለማ ወደ ብርሃን ነው፦

ጥቁር፦ 0፣ 0፣ 0
ቡናማ፦ 67፣ 57፣ 0
ቀይ፦ 104፣ 55፣ 43
ብርቱካናማ፦ 111፣ 79፣ 37
ፈዛዛ ቀይ፦ 154፣ 103፣ 89
ቢጫ፦ 184፣ 199፣ 111
ነጭ፦ 255፣ 255፣ 255

ይህ መሰላል የተሠራው በግምት አይደለም። የኮሞዶር ቪዲዮ ቺፕ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በቀር፣ 16ቱን ቀለሞች በ9 የብርሃን ደረጃ ነው የሚያወጣቸው፤ ጥቁርና ነጭ ለብቻቸው ሲሆኑ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ደረጃ ይጋራሉ። ቡናማ ከሰማያዊ ጋር፣ ቀይ ከጥቁር ግራጫ ጋር፣ ብርቱካናማ ከወይን ጠጅ ጋር፣ ፈዛዛ ቀይ ከአረንጓዴ ጋር፣ ቢጫ ከፈዛዛ አረንጓዴ ጋር። ከእያንዳንዱ ጥንድ ሞቅ ያለውን ወስዳችሁ ብትደረድሩ የቀይ ዳማም የጠይምም የጥቁርም ፊት መውጫ መሰላል ይሆናል። ለጥቁር መልክ ከጥቁር እስከ ብርቱካናማ ያሉት ዋና ሥራውን ይሠራሉ፤ ፈዛዛ ቀይ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ። ለቀይ ዳማ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ግፉት። ቢጫውን ቆጥባችሁ ተጠቀሙበት። ወደ አረንጓዴ ያደላልና ሲበዛ የታመመ ሰው ያስመስላል፤ እኔ ለግንባርና ለአፍንጫ ጫፍ ብቻ፣ ያውም ከፈዛዛ ቀይ ጋር አሰባጥሬ ነው የምጠቀምበት።

ነጠላውስ? ነጠላ ያለ ግራጫ እጥፋቱ አይታይም። ስለዚህ ሥዕሉን ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ከላይ ባለው የሞቀ ሰሌዳ፣ ሌላውን በጥቁር፣ በሦስቱ ግራጫዎችና በነጭ ቀይሩ። ግራጫዎቹ 68፣ 108 እና 149 ናቸው፤ ሦስቱም ቁጥር እኩል ነው። ከዚያ ሁለቱንም ወደ አርጂቢ (ወደ ሙሉ ቀለም) መልሳችሁ አንዱን በሌላው ላይ እንደ ንብርብር፣ በሌየር አስቀምጡና ፊትና እጅ ከመጀመሪያው፣ ልብስና ጭስ ከሁለተኛው እንዲታይ ማስክ አድርጉ፤ የማይፈለገውን ክፍል መሸፈን ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ሥሩ ብትሉኝ ይህን ነው የምላችሁ።

ስትቀይሩ ኢሜጅ፣ ሞድ፣ ኢንዴክስድ ብላችሁ የራሳችሁን ፓሌት ምረጡ። እዚያው ዲዘሪንግ የሚል ምርጫ አለ፤ ሁለት ቀለም ነጥብ በነጥብ አሰባጥሮ ሦስተኛ ማስመሰል ማለት ነው። ፍሎይድ ስታይንበርግ የሚለው በዘመናዊ ስክሪን ላይ ያምራል፤ ለዚህ ሥራ ግን ነጥቦቹን እንደ ጉንዳን ይበትናቸዋል፤ አንድ ሳጥን ውስጥ 6 ቀለም ይከታል። ፖዚሽንድ የሚለውን ምረጡ። እሱ እንደ ሰሌን በሥርዓት ነው የሚሰባጥረው።

4. ከሳጥኑ ሕግ ጋር መታረቅ

አሁን ሥዕሉ ትክክለኛ ቀለም አለው፤ ሕጉን ግን ገና አላከበረም። በጊምፕ ኮንፊገር ግሪድ ውስጥ ወርድ 4፣ ቁመት 8 ሙሉና ሾው ግሪድ በሉ። አጉሉት። እያንዳንዱን ሳጥን እየዞራችሁ ከ4 ቀለም በላይ ያለበትን ፈልጉ።

1,000 ሳጥን ሲባል አያስፈራችሁ፤ በሞቀው ሰሌዳ ከሠራችሁ አብዛኛው ያለ ምንም እርማት ያልፋል። የመደብ ቀለሙን ጥቁር አድርጉት፤ በፊት ፎቶ ላይ ጥቁር በብዙ ሳጥን ውስጥ ስለሚገኝ ከሦስቱ የግል ቀለሞች አንዱን ያተርፋል።

ችግሩ የሚከማቸው ዓይን ላይ ነው። ፊት የስክሪኑን ግማሽ ከያዘ አንድ ዓይን ወደ ጎን 7 ወይም 8 ነጥብ፣ ወደ ታች 6 ያህል ይሆናል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ጎን ለጎን ባሉ 2 ሳጥኖች ውስጥ ልክክ ይላል። ካልሆናችሁ ደግሞ 6 ሳጥን ይረግጣል። ስለዚህ ማንኛውንም እርማት ከመጀመራችሁ በፊት መላውን ሥዕል አንድ ሁለት ነጥብ ወደ ግራ ወይም ወደ ታች አንሸራትቱና ዓይኖቹ መስመሩ መካከል የሚገቡበትን ፈልጉ። የእናቴን ሥዕል 2 ነጥብ ወደ ግራ፣ 3 ወደ ላይ ስገፋው የቀኝ ዓይኗ እንዳለ ገባ፤ የግራው አንድ ጥግ ብቻ ተረፈው።

በዓይኑ ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጡት እንዲህ ነው፦ ብሌንና ሽፋሽፍት በጥቁር፣ ያውም ከመደቡ የመጣ፤ የቆብ ጥላ በቡናማ፤ ቆዳው በብርቱካናማ፤ የዓይኑ ነጭ በነጭ። አራቱ ሞሉ። ለፈዛዛ ቀይ ቦታ የለም፤ ያለውን ሁሉ ወደ ብርቱካናማ ቀይሩት። ነጩንም አትድፉበት፤ በብሌኑ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል።

ፊትና ነጠላ የሚገናኙበት ዳር ላይ ምርጫ አለባችሁ፤ ሳጥኑን ለፊት ወይም ለጨርቅ ትሰጣላችሁ። ለፊት ስጡ። ነጠላ አንድ እጥፋት ብትጎድለው ማንም አያውቅባትም።

የጥለቱ ነገር ሌላ ነው። በዚህ መጠን ጥለት ሲቀነስ የተበተነ በርበሬ ይመስላል። አጥፉትና በእጅ ሣሉት፤ አንድ ዓምድ ቀይ፣ አንድ ዓምድ ቢጫ፣ አንድ ዓምድ ጥቁር። እውነተኛው ጥለት ከዚያ ይበልጥ የረቀቀ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ግን ጥለት ሆኖ የሚታየው ይህ የውሸቱ ነው። ከሥዕሉ ሥር ስም በፊደል ልጽፍ ሞክሬም ነበር። ሰፋፊዎቹ ጡቦች ላይ ‹ጸ› እና ‹ጿ› አንድ ሆነው ቀሩና ተውኩት።

5. ፋይሉን አውጡ

ያለቀውን ሥዕል ፒኤንጂ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የኮሞዶር መሣሪያችሁ 320 በ200 የሚፈልግ ከሆነ ወርዱን ብቻ እጥፍ አድርጉ፤ ኢንተርፖሌሽኑ ኖን የሚለው ላይ መሆኑን ሳታዩ ኦኬ አትበሉ፤ ካለዚያ ጊምፕ በነጥቦቹ መካከል አዲስ ቀለም ይፈጥርና ድካማችሁ ገደል ይገባል። ከዚያ መሣሪያው ውስጥ ክፈቱና በኮዋላ አስቀምጡ።

የወጣው ፋይል 10,003 ባይት መሆን አለበት። ቁጥሩ የሚመጣው እንዲህ ነው፦ 8,000 ለነጥቦቹ፣ 1,000 ለሳጥኖቹ ሁለት ሁለት ቀለም፣ ሌላ 1,000 ለሦስተኛው ቀለም፣ 1 ለመደቡ፣ 2 ደግሞ ፋይሉ ማስታወሻ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ለሚናገረው አድራሻ። 10,001 ከሆነ መሣሪያው አድራሻውን አልጻፈም። ያን ሳላይ አንድ ማታ ሙሉ ፈጅቻለሁ፤ ማሽኑ የሥዕሉን የመጀመሪያ ሁለት ባይት እንደ አድራሻ ወስዶ ሥዕሉን ያላሰብኩት ቦታ ይደፋው ነበር።

ፋይሉን በዲስክ ኢሜጅ (አንድን ዲስክ በሚወክል ፋይል) ላይ ማስገባት ከቫይስ ጋር በሚመጣው መሣሪያ ይቻላል። ለእውነተኛው ማሽን ኤስዲ ካርድ እንደ ዲስክ የሚያነብ መሣሪያ ካላችሁ ካርዱ ላይ መገልበጥ ብቻ ነው። በእውነተኛ ፍሎፒ ላይ አንድ ሥዕል 40 ብሎክ (የዲስኩ ቦታ መቁጠሪያ) ይይዛል፤ ዲስኩ 664 ስላለው 16 ሥዕል ይችላል።

6. ስክሪኑ ላይ ማውጣት

ኮሞዶሩ ፊደላችንን አያውቅም። ከታች ያለውን እኔ በእኛ ፊደል ብጽፈውም እናንተ የቤዚክን፣ ማለትም የማሽኑን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ቃላት በላቲን ፊደላቸው ነው የምታስገቡት፤ ሎድ LOAD፣ ኒው NEW፣ ፎር FOR፣ አይ I፣ ቱ TO፣ ፖክ POKE፣ ፒክ PEEK፣ ኔክስት NEXT፣ ጎቱ GOTO፣ ረን RUN። በቅድሚያ ሥዕሉን ጫኑ፦

ሎድ "ስሙ",8,1

የመጨረሻዋን 1 አትርሱ። እሷ ከሌለች ማሽኑ ፋይሉን በራሱ አድራሻ ሳይሆን የቤዚክ ፕሮግራም በሚቀመጥበት ቦታ ይጭነዋል። በእውነተኛው ዲስክ ማንበቢያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሲጨርስ፦

ኒው

ይህን የሚዘል ብዙ ነው። ማሽኑ ሥዕሉን የፕሮግራም ጅራት አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ አዲስ መስመር በጻፋችሁ ቁጥር ሥዕሉን ጭምር ወደፊት ይገፋዋል። ኒው ሥዕሉን አያጠፋም፤ ቤዚክ ድንበሩን እንዲረሳ ብቻ ያደርገዋል። አሁን ጻፉ፦

10 ፎር አይ=0 ቱ 999
20 ፖክ 23552+አይ,ፒክ(32576+አይ)
30 ፖክ 55296+አይ,ፒክ(33576+አይ)
40 ኔክስት
50 ፖክ 53280,0
60 ፖክ 53281,ፒክ(34576)
70 ፖክ 56576,150
80 ፖክ 53265,59
90 ፖክ 53270,216
100 ፖክ 53272,120
110 ጎቱ 110

ከ10 እስከ 40 ያሉት የሳጥኖቹን ቀለም ቪዲዮ ቺፑ ወደሚያይበት ቦታ ይገለብጣሉ። 50 የስክሪኑን ዳር ጥቁር ያደርጋል፤ 60 የመደቡን ቀለም ያስቀምጣል። 70 ቺፑ ከማስታወሻው ውስጥ ከ16384 ጀምሮ ያለውን ክፍል እንዲያይ ይነግረዋል። 80 የሥዕል ስክሪኑን፣ 90 መልቲከለሩን ይከፍታል፤ 100 ነጥቦቹና ቀለሞቹ የት እንዳሉ ይጠቁማል። 110 ባለበት ያሽከረክረዋል፤ ያ ባይኖር ‹ሬዲ› የሚለው ጽሑፍ በሥዕሉ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ይረጫል።

ረን ብላችሁ ጠብቁ፤ ግልበጣው በቤዚክ ስለሆነ ዘገምተኛ ነው። ስክሪኑ ላይ ምንም የሚታይ ነገር ሳይኖር ይቆያል፤ አንዳንድ ጽሑፍ ቀለሙ ሊለዋወጥ ይችላል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። ለመውጣት ረን ስቶፕ እና ሪስቶር የሚሉትን ቁልፎች አብራችሁ ተጫኑ።

ሥዕሉ ቅርጹ ትክክል ሆኖ ቀለሙ ብቻ በሳጥን በሳጥን ከተዘበራረቀ መስመር 20 ወይም 30 ላይ ቁጥር ተሳስታችኋል። ጠቅላላው የተበጠበጠ ከሆነ ኒው ማለት ረስታችኋል ወይም ፋይሉ 10,003 አይደለም።

በዘመናዊ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ የተሰባጠሩት ነጥቦች እንደ ዳማ ሰሌዳ ጎልተው ይታያሉ፤ በአሮጌው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ላይ ግን ይቀላቀላሉ። ቫይስ ውስጥ የድሮውን ቴሌቪዥን የሚያስመስል ምርጫ አለና በእሱ እዩት። እኔ ጎረቤቴ ሊጥለው የነበረውን አንድ 14 ኢንች አገኘሁ። ለእናቴ በስልክ ካሜራ ሳሳያት መጀመሪያ ያየችው ጀበናውን ነበር፤ «ክዳኑን ማን ወሰደው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የጀበናው ውታፍ ከአንድ ነጥብ ስላነሰ ሲቀነስ ጠፍቷል። ተመልሼ በሁለት ነጥብ ብርቱካናማ ሣልኩላት።